ስለ ሕግ ትምህርት ቤት መግቢያና ስለ ወጪው ነገር

እኛ በደብረ ማርቆስ ከተማ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስናገለግል እነሆ ሃያ ዓመት ሊሞላን ነው። በዚህ ዘመን ሁሉ መዝገብ ሊያስከፍት ወይም መጥሪያ ሊወስድ ከሚመጣው ባለጉዳይ አፍ የማይጠፋ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ልጄ ሕግ እንዲማርልኝ ምን ማድረግ ይገባኛል?» የሚል ነው። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ በእርሻ ድንበር ወይም በውርስ ነገር ከማቻከል ወይም ከአነደድ ማልዶ የተነሣ ገበሬ ነው። ለማመልከቻ ጸሐፊ የከፈለውን፥ ለጠበቃ የከፈለውን፥ በቀጠሮ የተመላለሰበትን ቀን ሲቆጥረው ከገዛ ወገኑ አንድ ሕግ ዐዋቂ ቢወጣለት ይመኛል። ምኞቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን መንገዱን አስተካክሎ የሚነግረው ሰው ጥቂት ስለ ሆነ፥ በእኅታችን ቤት የሆነውን ጨምረን የምናውቀውን ለመጻፍ ወደድን።

ቀድሞ በአገራችን ሕግ መማር ማለት ፍትሐ ነገሥትን መማር ነበር። መጽሐፉን በ13ኛው መቶ ዓመት ኢብን አል አሳል የሚባል የግብጽ ሊቅ በዐረብኛ አዘጋጀው፤ በኋላም ወደ ግዕዝ ተመልሶ የአገራችን ዳኞች ሲፈርዱበት ኖሩ። ከ51ዱ አንቀጽ 22ቱ ስለ መንፈሳዊ፥ 29ኙ ስለ ሥጋዊ ነገር የሚናገር ነው። ወደዚህ ትምህርት ለመግባት የሚሞላ ቅጽ አልነበረም፤ ፈተና ግን አልነበረም ማለት አይደለም። ንባብ ያልጨረሰ፥ ቅኔ ያልተቀኘ ተማሪ ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ አይደርስም ነበርና፥ መንገዱ ራሱ ያጣራ ነበር። በጎጃም ዋሸራና ዲማ ጊዮርጊስ ስማቸው የተጠራው በዚህ ዓይነት ትምህርት ነው።

ወጪውም ደበሎና አኩፋዳ ነበር። እኛም በልጅነታችን ደበሎ ለብሰን፥ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን፥ ውሻ እያባረረን ተምረናል። የቆሎ ተማሪን የሚያበላው አገሩ ነበር፤ ስለ በላውም እንጀራ ማንም ዕዳ ጽፎ አያስፈርመውም። ከዚያ በኋላ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተን እንግሊዝኛ ቀመስን። ሁለቱም ትምህርት እየቅሉ ኖረው፥ እነሆ ባለፉት ዓመታት ለእኅታችን ልጅ በአንድ ገበታ ቀረቡላት።

የዛሬው ሕግ ትምህርት ሌላ ነው። የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም.፥ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕግም በ1952 ዓ.ም. ከወጡ በኋላ፥ ለእነዚህ ሕጎች ዐዋቂ የሚያወጣ የሕግ ፋኩልቲ በ1956 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። ያን ጊዜ የጎጃም ልጅ ሕግ ለመማር ዐባይን መሻገር ግድ ይሆንበት ነበር። ዛሬ ግን በ1999 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለው፤ በባሕር ዳርና በጎንደርም እንዲሁ አለ። ስለዚህ ወላጅን የሚያስጨንቀው የአገሩ ርቀት መሆኑ ቀርቶ የፈተናው ነገር ሆኗል።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ይሰጣል፤ ለማለፍም ከግማሽ ያላነሰ ነጥብ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ይህን ያገኘው ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር። በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ሆነ። ከሚወድቁት ጥቂቶቹ በአቅም ማሻሻያ ትምህርት ሁለተኛ ዕድል ያገኛሉ፤ የቀሩት ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ሕግ የሚፈልግ ልጅ በማኅበራዊ ሳይንስ በኩል እንግሊዝኛ፥ ሒሳብ፥ አፕቲቲዩድ፥ ታሪክ፥ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ ይፈተናል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ በዚህ ላይ የራሱን የመግቢያ ፈተና ጨምሯል። ከተገባ በኋላም በመጀመሪያው ዓመት ውጤት ተወዳድሮ ሕግን ማግኘት አለ፤ ትምህርቱ አምስት ዓመት ነው፤ በመጨረሻውም የመውጫ ፈተና ይጠብቃል። አንድ በር ሳይሆን አራት በር ነው ማለት ነው፤ ይህን ለገበሬው ስንነግረው ራሱን ይነቀንቃል።

አሁን ወደ እኅታችን ነገር እንመለስ። እኅታችን በስናን ወረዳ የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ባሏ እንደ ሞተ በመሬቱ ነገር ከዘመድ ጋር ክስ ተነሣና ሁለት ዓመት በፍርድ ቤት ተመላለሰች። ልጅቱ ያን ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከእናቷ አጠገብ ቁጭ ብላ «መቃወሚያ»፥ «ብይን»፥ «ይግባኝ» ሲባል ትሰማለች፤ እናቷ ትርጉሙን ብትጠይቃት ግን አታውቀውም። ሕግ እማራለሁ ያለችው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለ ነበር፥ የእርሷም ትምህርት እየተቋረጠ እየተቀጠለ 12ኛ ክፍል ደረሰች።

በታኅሣሥ ወር እኅታችን ወደ ቤታችን መጣችና «ጋሼ፥ አንዱን በሬ ልሸጠው ነው» አለችን። ስለምን ብንላት፥ አንድ ሰው የፈተናውን መልስ ከፈተናው ቀን አስቀድሞ በስልክ እልክልሻለሁ ብሏት ኖሯል፤ የጠየቀውም ዋጋ የአንድ በሬ ዋጋ ነው። ያላት ጥማድ አንድ ብቻ ነው። እኛም እንዲህ አልናት፤ «ሰውዬው ውሸቱን ከሆነ በሬሽ ይሄዳል። እውነቱን ከሆነም በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ወጥቶ የሆነውን አስታውሺ፤ ተሰርዞ ሁሉም እንደገና ተፈተነ። በሁለቱም መንገድ ልጅሽ ያለ መልስ አንቺም ያለ በሬ ትቀሪያለሽ።» ጥቂት ዝም ብላ «ታዲያ በምን ታልፋለች?» አለችን። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ልጅቱ በቤታችን ተቀመጠች።

ስለ ዝግጅቱ ጥቂት ዘርዘር አድርገን እንናገር፤ ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው በዚህ ነውና። ልጅቱ ስትመጣ የመማሪያ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ትወጣው ነበር። የቀድሞ ዓመታት ፈተና አስቀድተን ሃያ ሃያ ጥያቄ በየማታው ብንሰጣት ግን ከግማሽ በላይ ትስት ነበር። በቅኔ ቤት መምህሩ ተማሪውን የሰው ቅኔ ሲደግም ቢሰማው አይደሰትም፤ ተማሪው ከዛፍ ሥር ተቀምጦ የራሱን ቆጥሮ ማምጣት አለበት፤ መምህሩም ያርምለታል፤ በማግሥቱም ሌላ ይቆጥራል። እኛም በዚሁ ሥርዐት ሄድን። የሳተችውን እያንዳንዱን ጥያቄ፥ ስለምን እንደ ሳተችው በመጀመሪያ በአማርኛ፥ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ እንድታስረዳን አደረግን።

በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ተገለጠልን። ከምትስተው ብዙው ባለማወቅ አልነበረም፤ ጥያቄው «ከእነዚህ ውስጥ ያልሆነው የቱ ነው» ሲል እርሷ «የሆነው የቱ ነው» ብላ አንብባ ነው። በእንግሊዝኛው ውስጥ ያለችው አንዲት ትንሽ አፍራሽ ቃል እያመለጠቻት ነበር። እኛ ደግሞ በሥራችን «አይገባም» ከሚለው ቃል አንዲት ፊደል ብትጎድል ፍርዱ እንደሚገለበጥ ስለምናውቅ፥ አፍራሿን ቃል ሁሉ በእርሳስ እንድትከብ አዘዝናት። «አጎቴ፥ አንቱ እኮ ችሎት የቆምኩ አስመሰሉኝ» ብላ ሳቀች። እስከ ሚያዝያ ድረስ ስሕተቷ በእጅጉ ቀነሰ። ለሒሳቡ እኛ አንበቃምና የሠፈራችንን አንድ ወጣት መምህር ለመንነው፤ እኅታችንም ድካሙን በድንችና በስንዴ ከፈለችው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከፊሉ ተፈታኝ በኮምፒዩተር ስለሚፈተን፥ በጎረቤት ኮምፒዩተር እጇን አለማመደች።

በዚህ አጋጣሚ በልባችን የቆየ አንድ ነገር እንናገር። ልጆቻችን ሕግን በእንግሊዝኛ ተፈትነው ይገባሉ፥ በእንግሊዝኛ ተምረው ይወጣሉ፤ በክልላችን ፍርድ ቤት ግን ክሱም መልሱም ፍርዱም በአማርኛ ነው። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣም የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቃል ቢለያይ የሚጸናው አማርኛው ነው። አንዳንድ ወጣት ጠበቆች የመቃወሚያ ጽሑፍ ይዘው ሲመጡ ሐሳቡ መልካም ሆኖ ዐረፍተ ነገሩ ተጠላልፎ እናገኘዋለን፤ ከዚያ ይልቅ አንዳንዴ ከደጅ የተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ይሻላል። ስለዚህ ልጅቱ እንግሊዝኛውን እንድታጠና ስናተጋት፥ እሑድ እሑድ የፍትሐ ብሔርን ሕግ በአማርኛ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንድታነብልን እናደርግ ነበር። ለፈተናው አይጠቅማትም፤ እኛ ግን አልተውነውም።

ፈተናውን ከግማሽ ጥቂት ከፍ ባለ ነጥብ አለፈች። ደስታው ሳያልቅ የወጪው ነገር መጣ። እኅታችን ልጅቱ የምትፈርመው የወጪ መጋራት ውል አለ ሲባል ሰማችና «ዕዳ ለልጄ አላወርስም፤ ትቅር» ብላ ቆረጠች። ይህ ፍርሃት የእርሷ ብቻ አይደለም፤ በጠረጴዛችን ፊት ደጋግመን የሰማነው ነው። የነገሩ ሥርዐት ግን እንደሚከተለው ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91፥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፥ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ ከመቶ 15 እጁን እንዲጋራ አድርጓል። ይህን ግን ሲገባ ከኪሱ አውጥቶ እንዲከፍል አይገደድም፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ከመቶ ከ10 ባላነሰ ሒሳብ እየተቆረጠ ይከፈላል። ለእኅታችን «ከደመወዟ ከአሥር ብር አንድ ብር ነው፤ ደመወዝ እስክታገኝ ድረስ ከአንቺ ቤት የሚጠየቅ የለም» ብለን ብናስረዳት፥ «እንደ አሥራት ነዋ!» አለችና ተረጋጋች። ምሳሌው ባይገጥምም አላረምናትም።

ወላጅ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው መንግሥት የማይሰጠው ወጪ ነው። ይኸውም የመንገድ ገንዘብ፥ ብርድ ልብስ፥ ጫማ፥ ሳሙና፥ የስልክ ሒሳብ፥ ይልቁንም የጽሑፍ ቅጂ ነው። የሕግ ተማሪ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚያስቀዳው ወረቀት ይበዛል፤ የሚገዛቸው የሕግ መጻሕፍትም አሉ። ተማሪ በዚህ የተነሣ ሲያፍርና ከጓደኛው ሲበደር ውጤቱ ይወድቃል፤ በመጀመሪያው ዓመት ውጤቱ የወደቀም ሕግን አያገኝም። ስለዚህ በቤተ ዘመድ ተሰብስበን በየወሩ የምንሰጠውን ተከፋፈልን፤ አንዱ አጎቷ የቅጂውን፥ አክስቷ የሳሙናውን፥ እኛ የስልኩን ያዝን። የተከፋፈልነውንም እንደ ልማዳችን በወረቀት ጽፈን ሁላችንም ፈረምንበት፤ ባይፈረም ኖሮ እስከ ጥር እንደማይዘልቅ እናውቃለንና።

ልጅቱ አሁን የመጀመሪያውን ዓመት በመማር ላይ ናት፤ የሕግ ክፍል ይድረሳት አይድረሳት ገና አልተለየም። እኅታችን ሁለት በግ ሸጣ ብርድ ልብሱንና ጫማውን ገዛችላት። ሁለቱ በሬዎች ዘንድሮም በጥማድ ሆነው አርሰዋል።