የሳትሱማ ሰዎች አነጋገር

ከጃፓን ደሴቶች በደቡብ በኩል ኪዩሹ የምትባል ደሴት አለች። በዚህችም ደሴት ጫፍ ካጎሺማ የሚባለው ከተማ በባሕር ዳር ተሠርቷል፤ ከፊት ለፊቱም ሳኩራጂማ የሚሉት የእሳት ተራራ ይጤሳል። አገሩ ቀድሞ ሳትሱማ ይባል ነበር፤ የሺማዙ ቤት መሳፍንትም እስከ 1871 በኤውሮጳ አቈጣጠር ሰባት መቶ ዓመት ያህል ገዝተውታል። ስለዚህ አገር አነጋገር ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ልንነግር ወደድን።

ወደ ካጎሺማ የሚሄድ መንገደኛ፥ የቶኪዮን ቋንቋ አጥርቶ ቢያውቅ እንኳ፥ የሽማግሌዎቹን ጨዋታ ለመስማት ይቸገራል። የቃልን መድረሻ ይቈርጣሉና። በቶኪዮ አንገት ኩቢ፥ አፍ ኩቺ፥ ምስማር ኩጊ፥ ጫማ ኩትሱ ይባላል፤ በሳትሱማ ግን አራቱም ኩ ብቻ ተብለው ትንፋሹ በጉሮሮ ይያዛል። ሰሚው በነገሩ አካሄድና በድምፁ አወጣጥ ይለያቸዋል። «መልካም ነው» ለማለትም ዮካ ይላሉ፤ ይህ ከጥንቱ የጃፓን ቋንቋ የወረደ እንጂ የተበላሸ ቃል አይደለም።

መሳፍንቱ ሰላይ እንዳይገባባቸው ሆን ብለው ቋንቋውን አጣመሙት እየተባለ ይወራል። ነገር ግን የቤት አነጋገር በአዋጅ አይፈጠርም። ከመናገሻው ከተማ የራቀ፥ ድንበሩም በኬላ የተጠበቀ አገር፥ ከአባቶቹ ቃል አንዱን ሲያቈይ ሌላውን ሲለውጥ በዘመን ብዛት እንዲህ ይሆናል።

ይህን አነጋገር የባላገር ነው ብሎ የሚንቅ ቢኖር የጎንዛን ታሪክ ይስማ። በ1728 ከሳትሱማ ወደ ኦሳካ የተነሣች መርከብ ማዕበል ወስዷት በ1729 በመስኮብ ግዛት ካምቻትካ ደረሰች። ከ17ቱ ሰዎች የተረፉት ሶዛ የሚባል ሰውና ብላቴናው ጎንዛ ብቻ ናቸው። ሁለቱ ወደ ፔተርስቡርግ ተወሰዱ፤ ሶዛ በ1736 ሞተ። ጎንዛ ግን ከአንድሬ ቦግዳኖቭ ጋራ ሆኖ 12 ሺሕ ያህል ቃል ያለበት መዝገበ ቃላት አዘጋጅቶ፥ በ1739 በ21 ዓመቱ ዐረፈ። የጃፓኑ ቃል በመስኮብ ፊደል ስለ ተጻፈ፥ የቻይና ፊደል የሚሸፍነው ድምፅ በዚያ ተገልጦ ይታያል፤ ሊቃውንትም የዚያን ዘመን የሳትሱማ አነጋገር ከርሱ ይመረምራሉ።

ዛሬ የካጎሺማ ልጆች በትምህርት ቤት የቶኪዮን ቋንቋ ስለሚማሩ የአያቶቻቸውን ንግግር በሙሉ አይሰሙትም። ለመላው አገር አንድ ቋንቋ ማስፈለጉ እርግጥ ነው። ነገር ግን ጎንዛ ለሊቃውንት ያወረሰው ሀብት በልጅነቱ ከወላጆቹ ቤት የሰማው ቃል ነው። ስለዚህ የካጎሺማ ቤተ ሰቦች ሽማግሌዎቻቸው በሕይወት ሳሉ ልጆቻቸውን በዚሁ አነጋገር ቢያጫውቱ መልካም ነው እንላለን።