መጀመሪያ እጅህን ይመን



አንድ የድሮ ተማሪዬ እዚሁ አዋሽ አርባ ቡችላ ያሳድጋል። የስድስት ወር ቡችላው ወገብ የሚደርስ እንጨት ሲዘል ቀርጾ ላከልኝና «ቲቸር፣ እንደ ውጭዎቹ ውሾች መሰናክል እንዲወዳደር ምን ላድርግ?» አለኝ። መልሴ ረዘም ስላለ ሌሎቻችሁንም ይጠቅማል ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

ስፖርቱ አጂሊቲ ይባላል። በ1978 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ክራፍትስ በተባለው የውሻ ትርኢት ላይ የፈረስ ዝላይን አስመስለው ለመዝናኛ ካሳዩት በኋላ ነው የተስፋፋው። ውሻው ሳይታሰር ይሮጣል፤ ባለቤቱ ሊነካው አይፈቀድለትም። የሚመራው በእጁ፣ በድምፁና በአቋሙ ብቻ ነው።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ሰፈር እጅ ከተነሳ ድንጋይ ነው። ጫማህን ለማሰር ጎንበስ ስትል እንኳ ውሻው ተፈትልኮ ይሮጣል። ስለዚህ ከእንጨቱ በፊት ለእጅህ አዲስ ትርጉም ስጠው። መዳፍህን ዘርጋ፤ በአፍንጫው ሲነካው ወዲያው ቁራሽ ዳቦ ስጠው። ሲለምድ እጅህን ወደ ጎን፣ ከዚያ ከፍ፣ ከዚያ እየተራመድክ ዘርጋለት። ስሙን ስትጠራም እንደዚሁ ነው፤ ጠርተህ በፍጹም አትምታው።

ሁለተኛው የኋላ እግሩ ነው። ውሻ የፊት እግሩን ያስተውላል፣ የኋላው ዝም ብሎ ይከተላል። ውድድር ላይ ግን ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር በሆነ ከፍ ያለ ጣውላ ላይ በሩጫ ያልፋል። መሰላል መሬት ላይ አጋድመህ በመርገጫዎቹ መሃል በቀስታ ይራመድ። የፊት እግሮቹን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጎ በኋላ እግሮቹ ይዙር። ከሥሩ ትንሽ እንጨት ያለበት ጣውላ ላይ ቆሞ መወዛወዙንና ድምፁን ይልመድ።

ዝላዩን ግን ለጊዜው ተወው። የቡችላ አጥንት የሚያድገው ጫፉ አካባቢ ባለው ለስላሳ ክፍል ነው። ያ ሳይጠነክር ደጋግሞ ከከፍታ ቢያርፍ ዕድሜ ልኩን ሊያነክስ ይችላል። ኤፍሲአይ የሚባለው ዓለም አቀፍ የውሻ ፌዴሬሽን እኮ 18 ወር ያልሞላውን ውሻ አያወዳድርም። እስከዚያ እንጨቱ መሬት ላይ ይተኛ፤ ተራምዶት ይለፍ።

የአገራችንን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው፣ እንደ እኛ በላብ አይደለም። ልምምዱ ጎህ ሲቀድ፣ አምስት ደቂቃ፣ በቃ! የእጅህ ጀርባ መሬቱን ካልቻለው የእሱም መዳፍ አይችለውም። ከሜዳው የፕሮሶፒስ እሾህ ልቀም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም አስከትበው።

«ለምን ልድከም፣ እዚህ ማን ያወዳድረኛል?» ትል ይሆናል። እጅ ሲነሳ ከመሸሽ ይልቅ ሮጦ የሚመጣ ውሻ ሰፈር ውስጥ አንድ ይኑር እንጂ፣ ድንጋይ የያዙት ልጆች ድንጋዩን ጥለው «እንዴት አስተማርከው?» ብለው ይመጣሉ። ከዚያ በላይ ምን ዋንጫ አለ?

መልካም ሳምንት!