የናሳው ኢትዮጵያዊ ግን ምን ሰሩ?

ፌስቡክ ላይ በየጥቂት ወሩ የሚዞር ፖስት አለ። የአንድ ሐበሻ ሳይንቲስት ፎቶ፣ ከጎኑ ባንዲራ፣ ከላይ «ናሳን ያስደመመው ኢትዮጵያዊ»፣ ከታች ደግሞ «ኩራታችን» የሚል የኮመንት መዓት። እኔም ላይክ አደርጋለሁ፣ አልዋሽም። ግን ሰውየው ምን እንደሰራ የሚናገር አንድም ፖስት አላጋጠመኝም። ሮኬት ነዳ? ጨረቃ ወጣ? ዝም ነው። ዛሬ የአንዱን ሰው ስራ ልጽፍ ተነሳሁ። በተለይ መተማና ገንዳ ውሃ ያስተማርኳችሁ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ዶ/ር ብሩክ ላቀው ይባላሉ። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ናቸው። የሰሩት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባለው የናሳ ጎዳርድ ማዕከል፣ ፕላኔቶችን በሚያጠናው ክፍል ነው። ሮኬት አልነዱም። ሙያቸው ሙቀት ነው፤ የሩቅ ዓለማትን ሙቀት የሚለካውን መሣሪያ፣ ከመሣሪያውም ሙቀቱን የምትቀበለዋን ትንሿን ክፍል መስራት።

ሳተርን ድረስ ሄዶ ብብቷ ስር ቴርሞሜትር የሚያስገባላት ሐኪም የለም። ታዲያ እንዴት ይለካል? እናታችሁ እንጀራ ልትጋግር ስትል ምጣዱ መጋሉን በምን ታውቃለች? እጇን ከላይ ዘርጋ ታደርጋለች፣ በቃ። አልነካችውም። ከምጣዱ የሚወጣው በዓይን የማይታይ ብርሃን ነው እጇ ላይ ያረፈው። ኢንፍራሬድ የምንለው እሱን ነው። ቀን ላይ የቆርቆሮው ጣሪያ አናታችሁን የሚያነደውም እሱ ነው። ማንኛውም ነገር፣ በረዶም ቢሆን፣ እንደ ሙቀቱ መጠን ይህን ብርሃን ይለቃል።

ቀጥሎ ያለውን የቆላ ልጅ ከደጋ ልጅ ይልቅ ቶሎ ይገባዋል እላለሁ (ጎንደሬዎች አትቀየሙኝ)። ጥር ላይ መተማ ቀኑ ምንም ቢያቃጥል ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ወደ ንጋት ላይ አንሶላ ያስፈልጋል። ግንቦት ላይ ግን ዝናቡ ሳይመጣ ደመናውና እርጥበቱ ቀድሞ ይመጣል፣ ሌሊቱም አልበርድ ይላል፣ ሰው አልጋውን ወደ ደጅ ያወጣል። ለምን? መሬቱ የሚለቀውን ኢንፍራሬድ የውሃ ተኑና ደመናው ይዘው ወደ ታች ይመልሱታል። እያንዳንዱ ጋዝ ደግሞ የሚይዘው የራሱ የሞገድ ርዝመት አለው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ 15 ማይክሮን አካባቢ፣ ሚቴን 7.7 ማይክሮን አካባቢ። እንደ ጣት አሻራ ነው። አንድ ፕላኔት የሚለቀውን ኢንፍራሬድ በሞገድ ርዝመት ዘርዝሮ ማየት የቻለ ሰው፣ አየሩ ከምን እንደተሰራና በየከፍታው ስንት ዲግሪ እንደሆነ እዚሁ ቁጭ ብሎ ያነባል። የፕላኔት አየር ጥናት ትልቁ ድርሻው ይሄ ንባብ ነው።

ችግሩ ብርሃኑ እጅግ ደካማ መሆኑ ነው። ከፀሐይ 1.4 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ካለ ዓለም የሚመጣ ሙቀት፣ ምን ቢነካው ነው የሚያውቀው? የዶ/ር ብሩክ ስራ እዚህ ጋ ይገባል። በ1987 ወደ 183 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ ሬዚስታንሱ ድንገት የሚጠፋ ነገር ተገኘ፤ ከኢትሪየም፣ ከባሪየም፣ ከመዳብና ከኦክስጅን የተቀመመ ሱፐርኮንዳክተር። ሬዚስታንሱ ሊጠፋ ጫፍ ላይ ሲደርስ አቁሙት። ያኔ ከዲግሪ ኢምንት ክፍልፋይ የምታህል ሙቀት ብትነካው ሬዚስታንሱ በብዙ ይለዋወጣል። ገደል አፍ ላይ የቆመን ድንጋይ በጣት እንደመግፋት ነው። በ1994 ዶ/ር ብሩክ ከባልደረባቸው ከጆን ብራሱናስ ጋር በዚህ መንገድ የሰሩትን ቦሎሜትር አፕላይድ ፊዚክስ ሌተርስ ላይ አሳተሙ። በ2001 ማግኒዥየም ዳይቦራይድ የተባለው ሱፐርኮንዳክተር ተገኘ። በ2012 በእሱ ስስ ንብርብር የተሰራ፣ ለወደፊት የፕላኔት ተልዕኮዎች የታሰበ ቦሎሜትር የያዘ ጥናት ከነዶ/ር ብሩክ ወጣ። ከ1994 እስከ 2012 ቁጠሩ። አሥራ ስምንት ዓመት፣ ያውም ብዙ ሰው አይቶት በማያውቀው ስስ ነገር ላይ። ይሄ ከባንዲራ ጋር አብሮ ፎቶ አይነሳም።

እንዲህ ያለ መሣሪያ ምን እንደሚያይ ለማወቅ እዚያው ጎዳርድ የተመራውን፣ በካሲኒ መንኩራኩር ላይ የተጫነውን የኢንፍራሬድ መሣሪያ ተመልከቱ። በ1997 መጥቆ ሳተርን የደረሰው በ2004 ነው፤ እስከ 2017 ሰራ። የሳተርን ጨረቃ ታይታን ምድሯ 179 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው። ወፍራም የናይትሮጅን አየር አላት፤ ሚቴኑ ያሞቃታል፣ ብርቱካናማው ጭጋግ ደግሞ ፀሐይን እየከለለ ያቀዘቅዛታል። በ1980 ቮዬጀር 1 በአጠገቧ ሲያልፍ ፕሮፔንና ፕሮፓይን አገኘባት፤ በሁለቱ መሀል ያለው ፕሮፒሊን ግን ጠፋ። የካሲኒው መሣሪያ በ2013 አገኘው። ሠላሳ ሦስት ዓመት! ለመሆኑ ፕሮፒሊን ምንድን ነው ካላችሁ፣ ሰሊጥ የምትሞሉበት የተሸመነ የፕላስቲክ ማዳበሪያ የሚሰራው ከእሱ ነው።

አሁን ይህን ሁሉ ለምን እንደጻፍኩ ልንገራችሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ ኢንቦክስ ጻፈልኝ። ፊዚክስ ተመርቆ ሁለት ዓመቱ ነው። «ቲቸር፣ በዲግሪዬ ሰሊጥ እያረምኩ ነው። ልሻገር ወስኛለሁ» ይላል። መሻገር ማለት መተማ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ጋላባት፣ ሱዳን፣ ከዚያ ሊቢያ። ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስንት ሰው ከዚያ ጦርነት ሸሽቶ በዚያው ኬላ ወደ እኛ እንደገባ እያየ ነው የሚጽፍልኝ።

የባንዲራውን ፎቶ አልላክሁለትም። «ናሳ ትገባለህ» ማለት ውሸት ነው፤ ሥራ የሌለው ልጅ ደግሞ ማጽናኛ አይበላም። የነገርኩት ያለውን ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ ስለዚህ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው አየራችን ከዚህ ወገብ ርቆ የማይገኝ ጠባይ አለው። ዶ/ር ባይሌ ዳምጤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያጠኑት ይህንኑ አይኖስፌር ነው። ዶ/ር እንዳወቀ ይዘንጋው ደግሞ አምበር የተባለውን የማግኔቶሜትር መረብ አፍሪካ ውስጥ ሲዘረጉ አንዱን አዲግራት አስቀምጠዋል። ለዚህ ሥራ ሰው ያስፈልጋል፤ ሽቦ የሚያያዝ፣ ዳታ የሚያጸዳ፣ መሣሪያው ሲበላሽ ፈትቶ የሚገጥም። የማስተርስ ማመልከቻውን አብረን እንሙላ አልኩት። ደመወዙ ትንሽ እንደሆነም አልደበቅሁትም።

በነገራችን ላይ ናሳ ድራጎንፍላይ የተባለ በታይታን ሰማይ የሚበር ሮቦት በ2028 ሊያመጥቅ አቅዷል፤ የሚደርሰው በ2034 ነው። ዘንድሮ ገንዳ ውሃ 9ኛ ክፍል ያለ ልጅ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ይሆናል። ለእነዚያ ልጆች የሙቀት ምዕራፍን በአማርኛ ኖት አድርጌ ጽፌዋለሁ፤ የምታስተምሩ «ኖት» ብላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ በቴሌግራም እልካለሁ።

አንተ ደግሞ መልእክቴን ካየኸው አራት ቀን ሆነህ፣ አልመለስክም። ይህን ካነበብክ ደውልልኝ። ኔትወርክ እምቢ ካለህ ሚስኮል በቂ ነው፣ እኔ እደውላለሁ።