የቅጠል ፎቶ ከመላካችሁ በፊት ግንዱንም ቆርጣችሁ እዩልኝ

ሰሞኑን ከጉደር፣ ከአምቦ ዙሪያ፣ ከጊንጪም ሳይቀር ቢጫ የሆነና የጠወለገ ቅጠል ፎቶ እየደረሰኝ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ምን ልርጭበት?» ቶሎ ያልመለስኩት ንቄያችሁ አይደለም። አንዴ ቸኩዬ መልሼ ሰው አክስሬያለሁ።

በዲፕሎማ ተመርቄ በተመደብኩበት የመጀመሪያ ዓመት ነው። የአንድ አባት ልጅ የድንች ፎቶ ላከልኝ፤ ቅጠሉ ጠውልጎ ተንጠልጥሏል። ክረምት ነው፣ ዝናቡ አያባራም። እኔም «ምች መታው» የምትሉት ሌት ብላይት ነው ብዬ፣ ማሳውን ሳልረግጥ ማንኮዜብ እርጩ አልኩ። ረጩ፣ አልቆመም። ድገሙ አልኩ። ለሁለተኛው ዙር በግ መሸጣቸውን የሰማሁት በኋላ ነው።

ነባር ባለሙያ ይዤ ስሄድ ሰውየው መድኃኒትም አልጠየቀ። ከጠወለገው ተክል ግንዱን ከአፈር ከፍ አድርጎ ቆረጠና ጫፉን ንጹህ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ሳይነቃነቅ ያዘው። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ቁልቁል መውረድ ጀመረ። ይሄ የባክቴሪያ አጠውልግ ነው። የሚያድነው ርጭት የለም! ድንቹን ስንከፍለው ደግሞ ውስጡ ቡናማ ቀለበት ሠርቷል።

ከብሩ ይልቅ የከበደኝ ሌላ ነው። ጎረቤታቸው ከዚያው ማሳ ለዘር ሊወስድ ተስማምቶ ነበር። በሽታው በዘር ድንች ውስጥ ተደብቆ ስለሚጓዝ ሽያጩን አስቀረሁ። ያልበሰበሰውን መብላት ሰውን አይጎዳም፣ ለዘር ግን አይሆንም። «ልጄ፣ አንተ አስረጨኸኝ፣ አሁን ደግሞ አትሽጥ ትለኛለህ» አሉኝ። ምን እመልሳለሁ? እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነበር።

ስለዚህ እባካችሁ ለዩት። ምች ከሆነ ቅጠሉ ላይ ጠቆር ያለ ቁስል ይወጣል፤ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ጀርባውን ስትገለብጡት በቁስሉ ዙሪያ ነጭ ሻጋታ ታያላችሁ። ማንኮዜብ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው፣ እሱም በጊዜ ሲረጭ። አጠውልግ ግን ቅጠሉ ገና አረንጓዴ እያለ ያጠወልጋል፤ መጀመሪያ አካባቢ ቀን ጠውልጎ ማታ የዳነ ይመስላል። የታመመውን ነቅላችሁ ከማሳ ውጭ በጥልቀት ቅበሩ፤ ቦይ ውስጥ አትጣሉት፣ የመስኖ ውሃው ለታችኛው ማሳ ያደርሰዋል። በዚያ መሬት ላይ ለተወሰኑ ዓመታት ድንች፣ ቲማቲምና ቃሪያ አይተከል። ስንዴ ወይም ገብስ ዝሩበት።

ቢጫነት ከታችኛው አሮጌ ቅጠል ከጀመረ ብዙ ጊዜ የናይትሮጅን እጥረት ነው፣ ዩሪያ ይፈልጋል። አፈሩ ግን ውሃ ከቋጠረ ሥሩ ታፍኗል፤ ውሃውን አስወጡለት እንጂ ዩሪያ አትጨምሩ። የቲማቲም ቅጠል ላይ የነጣ መስመር ካያችሁ ወደ ፀሐይ ያዙት፤ ውስጡ ትል ካለ በ2004 ዓ.ም ገደማ አገራችን የገባው ቱታ አብሶሉታ ሊሆን ይችላል። የጎመን ቅጠል ሲጠቀለልም ጀርባውን እዩ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስለው ክሽክሽ ነው።

ከአሁን በኋላ ፎቶ ስትልኩ ሙሉውን ተክል፣ የቅጠሉን ጀርባና ሥሩን ጨምሩልኝ፤ መቼ ውሃ እንዳጠጣችሁም ጻፉ። ድንችና ቲማቲም ከሆነ የብርጭቆውንም ፎቶ። ካልገባኝ ናሙናውን በወረዳችን በኩል ለአምቦ ግብርና ምርምር ማዕከል እናደርሳለን።