ሰዓቱን ሳይሆን ድስቱን ማየት

ማታ ማዳም ከተኛች በኋላ በአሮጌ ላፕቶፕ ምን እንደምማር የጠየቃችሁኝ አላችሁ። አውቶማቲክ የሶፍትዌር ፍተሻ ነው፤ አንድ አፕ በትክክል መሥራቱን በእጅ ሳይሆን በኮድ መሞከር ማለት ነው።

አሁን የምለማመደው ገንዘብ የሚላክበት ገጽ ላይ ነው። ኮዱ "ላክ" የሚለውን ይጫናል፣ ከዚያ "ተልኳል" የሚል መልስ መምጣቱን ያያል። ግን አንዴ ያልፋል፣ አንዴ ይወድቃል። ኮዱም ያው፣ ገጹም ያው! ኔትወርኩ ሲዘገይ መልሱ ሳይመጣ ኮዱ ቀድሞ ስለሚያይ ነው።

ብዙ ሰው "5 ሰከንድ ጠብቅ" ብሎ ይጽፋል። መልሱ በ1 ሰከንድ ከመጣ 4ቱ ይባክናል፣ በ6 ከመጣ ደሞ ይወድቃል። 300 ፍተሻ ካለ ያቺ 4 ሰከንድ 20 ደቂቃ ትሆናለች።

እኛ ሩዝ ስንሠራ ሰዓት ብቻ አይተን አናወርድም፤ ክዳኑን ከፍተን ውሃውን መምጠጡን እናያለን። ሴሊኒየም ላይም "ተልኳል የሚለው እስኪታይ ጠብቅ፣ ቢበዛ 10 ሰከንድ" ማለት ይቻላል። ቶሎ ከመጣ ቶሎ ያልፋል። ፕሌይራይት የሚባለው ደሞ ቁልፉ ለመጫን ዝግጁ እስኪሆን ራሱ ይጠብቃል።

አንዳንዱ ግን ሲወድቅበት ደግሞ ያስኬደዋል፣ ካለፈ ይተወዋል። እኔ ይሄን እፈራለሁ። አንዴ እውነት አንዴ ውሸት የሚያወራን ማን ያምናል? እውነተኛው ጥፋት ሲመጣም "ኔትወርክ ነው" ተብሎ ይታለፋል። ያ ጥፋት ደሞ የአንዷ እህታችን የወር ደሞዝ ሁለቴ መቆረጡ ሊሆን ይችላል።

መማር የምትፈልጊ ካለሽ ከዚህ ጀምሪ። ትዕግሥቱን እንደሆነ የሰው ቤት አስተምሮናል። በርቱልኝ!