ጠማማው ቤት

በእኛ ቋንቋ ጠማማ መባል ስድብ ነው። ጠማማ ሰው አይታመንም፤ ከጠማማ ዳኛማ እግዜር ይሰውረን። እንግሊዝ ውስጥ፣ ሂምሊ በምትባል መንደር አጠገብ ግን በጠማማነቱ የሚወደድ መጠጥ ቤት ነበር። ስሙም ያው «ጠማማው ቤት» ነው።

በ1765 (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) ለገበሬ መኖሪያ የተሠራ የጡብ ቤት ነው። በኋላ በአካባቢው የድንጋይ ከሰል ሲቆፈር መሬቱ ሰመጠ፤ የቤቱም አንድ ጎን ከሌላው 1.2 ሜትር ያህል ዝቅ አለ። በጡብ ድጋፍና በብረት ጠፍረው አቆሙት። በሩም መስኮቱም እንደተንጋደደ ቀረ። እዚያ ቤት ሳንቲም ወደ ዳገት የምትንከባለል ትመስላለች። ሳንቲሟስ የምትሄደው ወደ ቁልቁለት ነው፤ የሚሳሳተው ዓይን ነው። ዓይን የሚያመዛዝነው በግድግዳው ነዋ! ሰው ገና ሳይጠጣ የሚያዞረው መጠጥ ቤት ሌላ የት ይገኛል?

አባቴ ግንበኛ ነበር። ግድግዳው ከቱንቢው ጣት ያህል ካፈነገጠ አፍርሶ ይሠራዋል። ይህን ቤት ቢያይ ምን ይል እንደነበር እያሰብኩ ለብቻዬ ስቄያለሁ።

ሳቁ ግን አልቆየም። ቤቱ በጁላይ 2023 ተሸጠ። ኦገስት 5 ሌሊት ተቃጠለ፤ ፖሊስም ሆን ተብሎ የተለኮሰ እሳት ነው ብሎ ምርመራ ጀመረ። ከእሳቱ የተረፈውን ግድግዳ ኦገስት 7 ቀን ኤክስካቫተር ያለ ፈቃድ ደረመሰው። ቤቱ በሕግ ከሚጠበቁት ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አልገባም ነበር። ሕዝቡ ግን ዝም አላለም። በፌብሩዋሪ 2024 የአካባቢው ምክር ቤት «በሦስት ዓመት ውስጥ እንደነበረ መልሳችሁ ሥሩ» ሲል ባለቤቶቹን አዘዘ። እነሱም ይግባኝ አሉ።

ትእዛዙ ቀልድ አይደለም። ለንደን ውስጥ ካርልተን ታቨርን የተባለው መጠጥ ቤት በ2015 ያለ ፈቃድ ፈርሶ፣ በትእዛዝ እንደገና ተገንብቶ፣ በ2021 ደንበኞቹን ተቀብሏል።

ካርልተን ግን ቀጥ ያለ ቤት ነበር። ይህኛውን ያጠመመው መሐንዲስ ሳይሆን ከመሬት በታች ሲቆፍር የኖረ ሠራተኛ ነው። ታዲያ ግንበኛ ውሃ ልክና ቱንቢ ይዞ ያን ጥመት በልኩ ቢገነባው፣ ያው ቤት ይሆናል?

አይሆንም። ቢሆንም እኔ ይሠራ ባይ ነኝ። በአንድ ቀን ማፍረስ የሚቀናው ሁሉ፣ መመለሱ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ጡብ በጡብ ይቁጠረው። ቤት ሲጠም በብረት ይደገፋል፤ ሰው ሲጠም ያለው ድጋፍ ሕግ ብቻ ነው።