የረጋ ልብ

በአሶሳ ከተማ የነርስነት ትምህርቷን የጨረሰች አንዲት ልጅ ነበረች። ነርስ ግን የብቃቱን ፈተና ሳያልፍ የሥራ ፈቃድ አያገኝም። ስለዚህ ልጅቱ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብላ ሦስት ወር ሙሉ በየማታው ጥቂት ጥቂት አጠናች፤ በዋዜማው ግን መጽሐፏን ዘግታ በጊዜ ተኛች።

በፈተናው ሰዓት በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ አንድ ጥያቄ አስደነገጣት፤ በችኮላም «አራት እንክብል» ብላ ልትመልስ ነበረ። በዚያን ጊዜ ልዕልት ፀሐይን አሰበች። እሳቸው በስደት ሳሉ በእንግሊዝ አገር ነርስነት ተምረው፥ በባዕድ ቋንቋም ተፈትነው፥ በ1931 ዓ.ም. የነርስነት ማዕረግ አግኝተዋል። ልጅቱም ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ተነፈሰች፤ ጥያቄውንም ቀስ ብላ እንደገና አነበበችው። ሐኪሙ ያዘዘው 500 ሚሊግራም ነው፤ አንዱ እንክብል 250 ሚሊግራም ነው። መልሱ ሁለት ነበረ።

ልጆች ሆይ፥ ነርስ በፈተና ላይ ብትሳሳት ነጥብ ታጣለች፤ በበሽተኛ አልጋ አጠገብ ብትሳሳት ግን የሰው ነፍስ ልታጠፋ ትችላለች። እንግዲህ ትጋትን በየቀኑ ልመዱ፤ በጭንቅ ሰዓትም አትቸኩሉ።